«ለጀማሪ የሚሆን ቦአ» የሚባለው ነገር

እባብ ሻጮች ቦአን «ለጀማሪ የሚሆን» እያሉ ይሸጣሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው፤ የጎደለው ግማሽ ግን ብዙ ያስከፍላል።

ቦአ የአንድ እባብ ብቻ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ስም ነው። የኬንያ አሸዋ ቦአን እንውሰድ፤ በኢትዮጵያም በተፈጥሮ ይገኛል። ሴቷ ከአንድ ሜትር በታች ናት፣ ወንዱ ከእሷም ያንሳል። ደረቅ አሸዋና አንድ ጎኑ የሚሞቅ ሳጥን ይስማማዋል። ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተቀብሮ ስለሚውል ማየት የሚወድን ሰው ያሰለቻል። የደቡብ አሜሪካዋ ባለቀስተ ደመና ቦአ ውብ ናት፤ ቤቷ ከደረቀ ግን ትታመማለች። አረንጓዴዋ የዛፍ ቦአማ ልምድ ላለውም ትከብዳለች። ታዋቂው ትልቁ ቦአ ብዙውን ጊዜ ገራም ነው፤ ሆኖም ሴቷ ሁለት ሜትር ልታልፍ፣ ከ20 ዓመት በላይም ልትኖር ትችላለች።

ስለዚህ «ለጀማሪ ይሆናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ ስህተት ነው። ይልቅ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት አለኝ? መብራት ሲጠፋስ? ሲያድግ የት ላኖረው? ከ15 ዓመት በኋላ ማን ይመግበዋል?

«ካስቸገረኝ እለቀዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። በአሩባ ደሴት ባዕድ የሆነው ቦአ እ.ኤ.አ. በ1999 ከታየ ወዲህ ተራብቶ የአገሩን ወፎችና እንሽላሊቶች ይበላል። መልስ ከሌላችሁ፣ ለጊዜው ይቅርባችሁ።