ታላቁን ያልገፋ ታናሽ

የሥዕላዊ ታሪክ አሳታሚዎች የአንድ ጀግና ገበያ ሲቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ስሙን ያስቀሩና ሰውየውን ይተካሉ። በአሜሪካው የፍጥነት ጀግና በፍላሽ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 የተፈጠረው የመጀመሪያው ፍላሽ፣ ጄይ ጋሪክ፣ ከመጽሔት ገጾች ከጠፋ ከዓመታት በኋላ፣ በ1956 ባሪ አለን የተባለ ሌላ ሰው በዚያው ስምና በዚያው ፍጥነት ብቅ አለ። የቀድሞው ወዴት እንደ ደረሰ ግን የተነገረ ነገር አልነበረም።

ምላሹ የመጣው በ1961 ጋርድነር ፎክስ በጻፈውና ካርማይን ኢንፋንቲኖ በሣለው፣ የሁለት ዓለማት ፍላሽ በሚል ርእስ በታወቀው አጭር ታሪክ ነው። ባሪ አለን ልጆችን ለማስደሰት ትርኢት ሲያሳይ ሰውነቱን በኃይል ያርገበግብና ሳያስበው ወደ ሌላ ምድር ይሻገራል። በዚያም በልጅነቱ በመጽሔት ሲያነበው የኖረውን ጄይ ጋሪክን በአካል ያገኘዋል። ጄይ ጀግንነቱን ትቶ፣ ጠጉሩ ሸብቶ፣ ከሚስቱ ጋር በሰላም ይኖራል። ሁለቱ ተባብረውም የጄይን የድሮ ባላንጣዎች ድል ይነሣሉ።

ታሪኩ በጨዋታ የተሞላ ነው። የአንዱ ዓለም እውነት በሌላው ዓለም ልብ ወለድ ሆኖ የተገኘበትን ምክንያት ባሪ ሲያስረዳ፣ ደራሲው ፎክስ ተኝቶ ሳለ አእምሮው ከዚያኛው ምድር ጋር ሳይገጥም አልቀረም ይላል። ጸሐፊው በራሱ ላይ የቀለደው ቀልድ ነው። ከቀልዱ ሥር ግን ቁም ነገር አለ፤ ታናሹ ታላቁን አይሽረውም፣ አይንቀውምም። ስሙን የወሰደው ከእርሱ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ያከብረዋልም።

በጅቡቲ ለሚኖር አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በከተማዋ መካከል ያለው አደባባይ የ1977ቱን ነጻነት ለማስታወስ የ27 ጁን አደባባይ ተብሏል፤ በሕዝብ አፍ ግን ምኒልክ መባሉ አልቀረም። አለቃ ገብረ ሐናም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ተራኪ ጎንደር ያስቀምጣቸዋል፣ ሌላው አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ያስገባቸዋል፣ ሦስተኛው ከወይዘሮ ማዘንጊያ ጋር ያከራክራቸዋል። ቦታውና ባለጋራው ይለዋወጣል፤ የነገሩ ስለት ግን ያው ነው። ስለቱ የጎደለ ቀልድ በስማቸው ቢነገር አድማጭ «ይኼ የአለቃ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል።

የፎክስ ታሪክ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ክፉዎቹ የረባ ዓላማ የሌላቸው ሌቦች ናቸው፤ ሴቶቹም ከዳር ቆመው ከማየት ያለፈ ድርሻ አልተሰጣቸውም። ከዚህ የከፋው ተከታዮቹ የወሰዱት ትምህርት ነው። ምድሮቹ እየበዙ ሄደው አሳታሚው ዲሲ ኮሚክስ ራሱ በ1985 በጀመረው ሌላ ታላቅ ታሪክ ሊያጠፋቸው ተገደደ። በዚያው ታሪክ የሞተው ባሪ አለንም በ2008 ተመለሰ። ለእያንዳንዱ ሞት መጠባበቂያ ሲኖር አንባቢ ማልቀሱን ይተዋል፤ ማልቀስ የተወም ብዙ ሳይቆይ ማንበቡን ይተዋል።

የኢትዮጵያ የጀግና ሥዕላዊ ታሪክ ገና ልጅ ነው። ኢታን ኮሚክስ በ2018 ያወጣው ጀምበር፣ የአዲስ አበባውን ወጣት አማኑኤል ጥላሁንን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስተዋውቋል። አንድ ቀን ሌላ ጀምበር፣ ምናልባትም ባሕር ዳር ያደገ፣ ፈረንሳይኛና ሶማልኛ የሚያቀላጥፍ ጀምበር ቢፈጠር መልካም ነው። መመዘኛው ግን የፍላሾቹ ታሪክ ያስቀመጠው ይሁን፤ አዲሱ ጀግና ከፊተኛው ጋር ሲገናኝ የሚለው ነገር ሊኖረው ይገባል። ዝም ብለው የሚተላለፉ ከሆነ የጋራቸው ስሙ ብቻ ነው።