የሚያብብበት ቦታ ላይ መዝራት

ክረምት በገባ ቁጥር ጓሮ ማልማት የጀመሩ ሰዎች የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ «የአበባ ችግኝ ከየት ልግዛ?» የሚል። አበባ ከችግኝ ጣቢያ በጥቁር ላስቲክ ተይዞ የሚመጣ ነገር ነው የሚለው እምነት ከጥያቄው ሥር አለ። ለጽጌረዳ ወይም ለቡገንቪላ ቢሆን አልከራከርም። በአንድ ወቅት በቅለው፣ አብበው፣ ለሚደርቁት ለኮስሞስ፣ ለሱፍ፣ ለማሪጎልድ፣ ለናስተርሺየም ግን እምነቱ ስህተት ነው እላለሁ። እነዚህ በሚያብቡበት ቦታ ላይ በቀጥታ መዘራት አለባቸው። የመኖሪያ ግቢ ጥግም ሆነ በኮንዶሚኒየም የጋራ ግቢ ውስጥ ለአንድ ቤተሰብ የደረሰች ቁራጭ መሬት፣ ለዚህ ሥራ ትበቃለች።

ክርክሬ የሚነሳው ከሥር ነው። የአንድ ወቅት አበባ ዘር ጥሎ እስኪደርቅ ያለው ዕድሜ ጥቂት ወራት ነው። ጊዜ የለውምና ከበቀለባት ዕለት ጀምሮ ሥሩን ቁልቁል ይሰዳል፤ ሱፍ ከአፈር ብቅ ብሎ ገና ሁለት ወፍራም ቅጠል ሲይዝ ዋና ሥሩ ከላይ ከሚታየው አካሉ ይረዝማል። ይህን ሥር የላስቲኩ ጫፍ ሲያግደው እየዞረ ይጠመዘዛል። ችግኝ ገዝታችሁ ላስቲኩን ስትቀዱት ከታች ተጠቅልሎ የምታዩት የነጭ ክር ክምር የጥንካሬ ምልክት አይደለም፤ መሄጃ ያጣ ሥር ነው። ሥሩ የተጨነቀ ዓመታዊ ተክል ደግሞ ከመሞቱ በፊት ዘር ለመተው ስለሚጣደፍ ያለጊዜው ያብባል። ገዢው ላስቲክ ውስጥ እያለ ያበበውን ተክል «ደርሷል» ብሎ ደስ ብሎት ይወስደዋል። ተክሉ ግን ሊያድግበትና ቅርንጫፍ ሊያወጣበት የሚገባውን ጊዜ በልቶ ጨርሷል። ከጎኑ በቀጥታ የተዘራው ዘግይቶ ይጀምራል፤ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ በቁመትም በአበባ ብዛትም ጥሎት ይሄዳል።

«ገበሬውስ በርበሬና ሽንኩርት በመደብ አፍልቶ ያዛውር የለም ወይ?» ይባላል። ያዛውራል። ያው ገበሬ ግን ካሮትን አያዛውርም፤ ኑግን፣ ተልባን አያዛውርም። የለያቸው በጠባያቸው ነው። የበርበሬ ዘር ለመብቀል ይዘገያል፣ ፍሬ እስኪሰጥም ወራት ይፈጃል፣ ሥሩ ቢቆረጥ ሌላ አውጥቶ ይተካል፤ ስለዚህ መደብ ላይ መቆየቱ ጊዜ ያተርፋል። ኮስሞስ በሳምንት ከምናምን ይበቅላል። ምን ጊዜ ሊተርፍ ነው በላስቲክ የሚፈላው? በእርግጥ ከዚህ ሕግ የማወጣቸው አሉ፤ የፔቱኒያና የሎቤሊያ ዘር ከመድቀቁ የተነሳ የሐምሌ ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል፣ እነሱን በችግኝ ማሳደግ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ማንም ያልዘራው አደይ አበባ ነው። መስከረም አብቦ ሲያበቃ ዘሩ ይረግፋል፤ በጋውን በደረቅ መሬት ላይ ይከርማል፤ ዝናብ ሲገባ ይበቅላል፤ ለዘመን መለወጫ ይደርሳል። ውሃ ያጠጣው የለም፣ ፍግ የጨመረለትም የለም። ኮስሞስ የዚሁ የአደይ የቅርብ ዘመድ ነው። አገሩ ሜክሲኮ ሲሆን፣ ዘሩ ማድሪድ ደርሶ ካቫኒልስ የተባለው የእጽዋት ሊቅ በዚህ ስም የጠራው በ1791 እ.ኤ.አ. ነው። የመጣበት የሜክሲኮ ደጋ ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው እንደኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው፤ ከፍታውም ከአዲስ አበባ ብዙ አይርቅም። ኮስሞስ መንገድ ዳር ራሱን በራሱ እየዘራ የሚገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምታችን ለዚህ ዓይነት ተክል የተመቸ ሆኖ ሳለ ዘሩን ከክረምቱ ነጥቆ ላስቲክ ውስጥ ማስገባት ለምን አስፈለገ?

የመዝሪያው ቀን ላይ ግን ግትር ነኝ። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 1 ጳጉሜን ጨምሮ 80 ቀን ገደማ ነው። ኮስሞስ ለማበብ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈልጋል፤ የክረምቱ ደመናና ብርድ ደግሞ ያዘገየዋል። ስለዚህ ሰኔ አጋማሽ ላይ የዘራ ለእንቁጣጣሽ ይደርስለታል፤ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ድረስ የቆየ አይደርስለትም። ዚኒያን ለክረምት አልመክርም፤ እርጥበትና ብርድ ሲደራረብበት ቅጠሉን ነጭ ሻጋታ ይለብሰዋል፣ መስከረም ፀሐይ ሲወጣ ተዘርቶ ውሃ ቢጠጣ ይሻለዋል። አፈሩም ይለያያል። ወደ እንጦጦ ያለው ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፤ ቦሌና አቃቂ ያለው ጥቁር አፈር ግን ውሃ ስለሚይዝ መደቡ ከፍ ካላለ ዘሩ ይበሰብሳል። ፍግ አያስፈልግም፤ መሬቱ ሲሰባ ኮስሞስ ቅጠልና ግንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ንፋስም ይጥለዋል። ጓሉ በእጅ ይድቀቅ፣ ቀጭኗ ጥቁር የኮስሞስ ዘር በመስመር ትዘራ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር አፈር ትልበስ፣ ከዚያ በመዳፍ ጠበቅ ትደረግ። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት በከብት የሚረገጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደቃቅ ዘር አፈሩ ካልጨበጠው እርጥበት አያገኝም።

ጠንካራው ተቃውሞ የአረም ነገር ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም አብሮ ይበቅላል፤ ጀማሪው የቱ አበባ የቱ አረም እንደሆነ ሳያውቅ ሁሉንም ይነቅላል፣ ወይም ሁሉንም ይተዋል። በመስመር ዝሩ የምለው ለዚህ ነው፤ በመስመሩ ላይ ተደርድሮ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ የወጣው የዘራችሁት ነው። ኮስሞስ መጀመሪያ ሁለት ረጃጅም ጠባብ ቅጠሎች ያወጣል፣ ቀጥሎ የሚመጡት የተበጣጠሱና እንደ ክር የቀጠኑ ናቸው፤ አንዴ ልብ ብሎ ያያቸው ሰው አይሳሳትም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው ግን አረም ላይ ሳይሆን ማሳሳት ላይ ነው። የበቀለ አበባ መንቀል ያሳዝናልና መስመሩ እንደታፈገ ይቀራል፤ ከዚያ ሁሉም ብርሃን ፍለጋ ይመዘዛል፣ አንዱም በወጉ አያብብም። በኮስሞስ መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተው። በቆሎና ማሽላ ሲሸለሸል የሚገለበጠው ቡቃያ ቀላል አይደለም፤ ሆኖም ገበሬው ሽልሻሎን አይተውም፣ የቀሩት የሚያፈሩት በዚያ እንደሆነ ያውቃልና።

«ዘሩንስ ከየት እናመጣለን?» ለሚለው መልሴ ከራሳችሁ መደብ ነው፤ ይህን ሥራ የምወደውም ለዚህ ነው። የአንድ ወቅት ተክል ነገን የሚያየው በዘሩ ብቻ ነው። ጽጌረዳ ቢቀጠፍ ሥሩ አለ፤ አደይ ሳያፈራ ከተቀጠፈ ግን ያ ተክል ለከርሞ የሚተወው ነገር የለም። ለበዓል የምንቀጥፈው አደይ ከከተማ ዳር ሜዳ የሚመጣ ነው፤ ሜዳው ደግሞ በየዓመቱ ቤት እየሆነ ነው። የቀረው ሜዳ ላይ ያለውን ሁሉ ሳያፈራ ለቅመን ከርሞ እንዲገኝ መጠበቅ አንችልም። አደይን ከሜዳ ቀጥፎ ብቻ ማምጣት ትተን በየግቢያችን እንድንዘራው፣ ከመደቡም ቢያንስ ሲሶውን ሳንቀጥፍ እንድንተወው እፈልጋለሁ። የአበባው ራስ ጠቁሮ ሲደርቅ፣ ዘሩ በጣት ሲነካ ያለ ትግል ሲለቅ፣ ጠል ከደረቀ በኋላ ረፋዱ ላይ ይለቀማል። ጥላ ሥር ተሰጥቶ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ላስቲክ እርጥበት ስለሚያፍን ሻጋታ ያመጣል። ለራስ ከሚበቃው በላይ ይገኛል፤ የተረፈው ለጎረቤት ይሰጥ።