የእርምጃ ቆጠራና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ዓላማ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜአቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ልጆችና ወጣቶች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ መካከለኛና ጠንካራ የሰውነት እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በሳምንት ቢያንስ በ3 ቀን ደግሞ ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲጨምሩ ይመክራል። ይሁን እንጂ የ146 አገሮችን መረጃ ያጠናቀረ አንድ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆኑት ተማሪዎች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ ገልጿል። ለዚህ ጉድለት መፍትሔ ተብለው ከቀረቡት መሣሪያዎች አንዱ እርምጃ የሚቆጥረው የእጅ ስልክ መተግበሪያ ነው። መሣሪያው በክፍል ውስጥ ምን ዓይነት ቦታ ሊሰጠው እንደሚገባ ግን በጥሞና መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ በብዙዎቹ መተግበሪያዎች እንደ ግብ የሚቀርበው 10,000 እርምጃ ከትምህርት ጥናት የተገኘ አይደለም። ቁጥሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ በቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስያሜ አማካይነት ነው።

ሁለተኛ፣ መሣሪያው የሚቀሰቅሰው ፍላጎት ዘላቂነት ያጠራጥራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የብሪታንያ ጥናት፣ ዕድሜአቸው 13 እና 14 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች ፊትቢት የተባለውን የእጅ አንጓ እርምጃ ቆጣሪ ለ8 ሳምንት ተጠቅመዋል። ተማሪዎቹ ለአጭር ጊዜ የተነሣሡት በፉክክርና በጸጸት ስሜት ሲሆን፣ በመጨረሻ ከውስጥ የሚመነጨው ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ፖኬሞን ጎ የተባለውን ጨዋታ በተጫወቱ አሜሪካውያን ጎልማሶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናትም፣ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን በአማካይ 955 እርምጃ ያህል የታየው ጭማሪ በ6ኛው ሳምንት መጥፋቱን አመልክቷል።

ሦስተኛ፣ የእርምጃ ብዛት የእንቅስቃሴውን ዓይነት አይገልጽም። ስልኩን ከሜዳው ዳር አኑሮ ኳስ የሚጫወት ተማሪ እንዳልተንቀሳቀሰ ይቆጠራል። እንስራ ተሸክማ ዳገት የምትወጣ ልጃገረድ እርምጃዋ እንጂ ሸክሟ አይመዘገብላትም። ስልኩን በእጁ የሚነቀንቅ ሰነፍ ግን ቁጥሩ ሊያድግለት ይችላል። ስለዚህ በእርምጃ ቁጥር የክፍል ማርክ መስጠት ትክክለኛ ምዘና ሊባል አይችልም። ስልክ የሌለው ተማሪ በችሎታው ሳይሆን በወላጆቹ ኑሮ እንዲመዘን ማድረግም ፍትሐዊ አይሆንም።

ይህ ሲባል መሣሪያው ከናካቴው ይጣል ማለት አይደለም። ስልክ በሚገኝበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በቡድን ሆነው ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት መረጃ ሰብስበው በሒሳብ ክፍለ ጊዜ በግራፍ ቢያሳዩት ይጠቅማል። ስልክ በማይገኝበትም የልብ ትርታን በጣት አዳምጦ ለ15 ሴኮንድ መቁጠርና በ4 ማባዛት ይቻላል። ይህ ዘዴ ያለ አንዳች ወጪ የድካሙን መጠን ስለሚጠቁም፣ ተማሪው ራሱን ከጓደኛው ጋር ሳይሆን ከትናንቱ ጋር እንዲያነጻጽር ይረዳዋል።

የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ውጤት የሚታወቀው ተማሪው ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላም መንቀሳቀስን ወዶ ሲቀጥል ነው። ለዚህ ትምህርት የሚመደበው ገንዘብ ውሱን በሆነበት ሁሉ፣ ከመተግበሪያው በፊት ሜዳው፣ ኳሱና በቂ ሥልጠና ያገኘው መምህር መቅደም አለባቸው።