ማሰቡስ ይሁን፣ ግን የት ነህ?

ጋናዊው ፈላስፋ ክዋሲ ዊሬዱ ሌጎን ካለው የጋና ዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በ1958 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ አገሩ ከእንግሊዝ ነጻ በወጣች በዓመቷ። የተማረው ፍልስፍና ግን የነጻነቱን ወሬ የሰማ አይመስልም፤ ሁሉም ነገሩ የምዕራቡ ነበር። ኦክስፎርድ ሄዶ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጊልበርት ራይል ዘንድ ተማረ፤ ተመልሶም ከሃያ ዓመት በላይ በዚያው በጋና ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1996 በእንግሊዝኛ ያሳተመው መጽሐፍ፣ ርእሱ «የባህሎች የጋራና የተናጠል ገጽታዎች» ሊባል የሚችለው፣ አንድ የመምህር ጥያቄ ይዞ ይሟገታል፦ ቅኝ ገዢው ከሄደ በኋላ በቃላት ውስጥ የቀረውን አስተሳሰቡን በምን እናውቀዋለን?

መፈተኛው የራስ ቋንቋ ነው ይላል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት «አስባለሁ፤ ስለዚህ አለሁ» አለ። በዊሬዱ አፍ መፍቻ ቋንቋ በአካንኛ መኖርን የሚገልጸው «ዎ ሆ» ግን «እዚያ ነው» እንደማለት ነው። አካኑ እንግዲህ ይጠይቃል፦ ማሰቡስ ይሁን፣ ግን የት ነህ? ቦታ የማትይዘው የዴካርት ነፍስ እዚህ ላይ ትደናቀፋለች። (ሩዋንዳዊው አሌክሲስ ካጋሜ በባንቱ ቋንቋዎች ይህንኑ ቀድሞ አስተውሏል።) «እውነት ከሐቅ ጋር የሚገጥም ነው» የሚለውም በአካንኛ «እንዲያ የሆነው እንዲያ ነው» ወደማለት ይጠጋል፤ እውነትና ሐቅ እንዴት ይገጥማሉ የሚለው እንቆቅልሽ የእንግሊዝኛ እንጂ የሰው ሁሉ አልነበረም ማለት ነው።

መጽሐፉን አጥፌ በአማርኛ ሞከርኩት። «አለሁ» ጎረቤት «እንዴት ነህ?» ሲል የምንመልሰው፣ ስልክ ላይ «ቤት አለሁ» የምንለው ቃል ነው። እስከዚህ ዊሬዱ ረታ። «እግዚአብሔር አለ» ስንል ግን «የት?» ብሎ የሚያፋጥጠን የለም። ያው ቃል አንዴ ቦታ ይፈልጋል፣ አንዴ አይፈልግም። ዊሬዱ ቋንቋ ያዘነብላል እንጂ አያስገድድም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ሰዋስው ብቻውን ዳኛ እንዳይሆንም ከየትኛውም ቋንቋ ነጻ የሆነ ማስረጃ ይጠይቃል። ዴካርት ላይ ሲደርስ ግን «ዎ ሆ» ላይ የሚጭነው ሸክም ከዚህ ጥንቃቄ ይከብዳል።

ፓርቲ አልባ የመግባባት ዴሞክራሲን የሚሰብከው ምዕራፍ ደካማው ነው። ከአካን ሕዝቦች አንዱ የሆኑት አሻንቲዎች ሸንጎ ተቀምጠው ሲግባቡ ያሳየናል፤ ሸንጎው ውስጥ መቀመጫ ያልነበረውን ሰው ግን በቅጡ አያሳየንም።

ወደ ክፍል የምወስደው ግን የ«ዎ ሆ»ን ገጾች ነው፤ ተማሪ ተነስቶ «በእኛስ?» ብሎ የሚከራከርባቸው እነሱ ናቸው። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። አካንኛው በእንግሊዝኛ አንቀጾች መሀል ለምስክርነት ብቅ ይልና ቃሉን ሰጥቶ ይወጣል። ክርክሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአካንኛ ቢካሄድ ምን ይመስል እንደነበር፣ ይህን ከዊሬዱ የተሻለ ሊያሳየን የሚችል ሰው አልነበረም።