የዋካንዳ ዕፅና የጓሳ ሣር

የልዕለ ጀግና ፊልም በተተቸ ቁጥር «እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል ወይ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ብዙ አያራምድም። ተመልካች ጥይት የማይበሳውን ልብስ ከነትኬቱ አምኖ ይገባል።

ማጋነን ለመንዝም እንግዳ አይደለም። ፉከራው ራሱ ማጋነን ነው፤ እንደ አባ ዳኘው፣ እንደ አባ ጠቅል ያለው የፈረስ ስምም የጀግና ሁለተኛ ስም ነው። ፎካሪው ግን የሚፎክረው በሚያውቁት ሰዎች ፊት ነውና ቢያጋንንም የዋለበትን ይጠራል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የራያን ኩግለር «ብላክ ፓንተር» በቁሳቁስ በኩል ለእውነት የተጨነቀ ነው። በፊልሙ ምናባዊ አገር በዋካንዳ የዋካቢ ሰዎች የደረቡት የሌሶቶ ደገኞችን ብርድ ልብስ ነው፤ ባና ለብሶ ያደገ የመንዝ ሰው የለበሱበትን ምክንያት ለመረዳት አስረጂ አይሻም። አልባሳቱን ያዘጋጀችው ሩት ካርተርም ኦስካር ተሸልማበታለች። ጥንቃቄው የሚላላው ጊዜ ላይ ሲደረስ ነው።

ዙፋኑን የሚሻው ኪልሞንገር የዋካንዳን ንጉሥ ትቻላን ከፏፏቴው ወርውሮ ይነግሣል። ለነገሥታቱ ኃይል የሚሰጠውን ዕፅ ከቀመሰ በኋላ የቀረው በሙሉ እንዲቃጠል ያዛል። ጠባቂዋ ለሚቀጥለው ንጉሥ እንደሚያስፈልግ ብትነግረው አንገቷን አንቆ ከመሬት ያነሣታል። እሳቱ ይለቀቃል። የትቻላ ወዳጅ ናኪያ አንዷን ዕፅ ሰርቃ ታመልጣለች፣ ትቻላም በዕፅዋ ይድናል። ስንት ንጉሥ የወጣበት ቦታ ዐመድ ሲሆን ግን «ከእንግዲህ ምን ይውጠናል?» ብሎ የሚቆዝም ሰው አይታይም። ካሜራው ወደ መሣሪያ ጭነቱና ወደ አውራሪሶቹ ውጊያ ይሮጣል።

የተጠበቀ ነገር ሲፈርስ ምን እንደሚከተል መንዝ ያውቃል። መንዝ ጌራ ውስጥ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ የተንጣለለው ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሜዳው ይዘጋል፤ ዓመታት ያልፋሉ፤ ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር ሲደርስ አለቆቹ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል። ከዚያ በፊት ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ሲያፈርሰው ሣሩ በአንድ ሌሊት አላለቀም። ጉዳቱ በግጦሽና በማገዶ ለቀማ እያደር ነው የታየው፤ ማኅበረሰቡም ጥበቃውን መልሶ እስኪያቆም ዓመታት ወስዶበታል። በዋካንዳ የጠፋው እንዲህ ያለ ጥበቃ የሚያደርገው ሥርዓት ጭምር ነው፤ ፊልሙ ግን እንደ አንድ የተቃጠለ ክፍል ያልፈዋል።

የጊዜ ማጠር ሰበብ አይሆንም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ «ብላክ ፓንተር» ደግሞ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ። ልዩነቱ ሩብ ሰዓት ያህል ቢሆንም ኃይሌ የገበሬውን ድካም ተመልካቹ ትከሻ ላይ እስኪሰማው ድረስ ያቆየዋል። ኩግለር ራሱ ቆም ማለት እንደሚችል በበረዷማው የጃባሪ ተራራ ላይ አሳይቷል፤ የጃባሪዎቹ አለቃ ምባኩ እንግዶቹን እያስፈራራ የሚቀልድበት ትዕይንት ከፊልሙ ምርጦች አንዱ ነው።

የእሳቱ ዋጋ የተጠየቀው በ2015 ዓ.ም. በወጣው ተከታይ ፊልም ነው። በመክፈቻው የትቻላ እኅት ሹሪ የታመመ ወንድሟን ለማዳን የጠፋውን ዕፅ በቤተ ሙከራ ልትሠራው ትጣደፋለች፤ ሳይሆንላት ይሞታል። ታሪኩን በዚህ መንገድ ያስጀመረው ትቻላን የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን ነሐሴ 2012 ላይ ማረፉ ነው፤ ኪልሞንገር የለኮሰው እሳት ግን ለፊልሙ ሠሪዎች በቂ ምክንያት ሆኖ ቆይቷቸዋል። ነጭ ለባሾቹ ለቀስተኞች ሬሳውን ሲሸኙ ፊልሙ አይቸኩልም። ብዙም ሳይቆይ ወደ ባሕር ሥር ጦርነት ቢዞርም፣ በሁለቱ ፊልሞች ካሉት ውጊያዎች አንዱም የእነዚያን ደቂቃዎች ያህል አያሳምንም።