«ሥራ ፈት» ሞተርና «ንጥረ ነገር» ያለው ማጣሪያ
(በአንድ የጭነት መኪና ጥገና መመሪያ ትርጉም ላይ የቀረበ ሂስ)

ስለ ሙያ ቃላት ስያሜና አተረጓጎም የሚቀርቡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በትምህርት ቤት መጻሕፍት ውስጥ በሚገኙት የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ቃላት ላይ ነው። የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመበት፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለበት ጊዜ አንሥቶ ለእነዚህ ቃላት ብዙ ተደክሟል። ነገር ግን በጋራዥ፣ በመንገድና በነዳጅ ማደያ የሚነገረው የሙያ አማርኛ እንደ መደበኛ የጥናት ርእስ ተቆጥሮ አያውቅም ለማለት ይቻላል። ይህ ቸልታ የሚያስከትለው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ የተገነዘብነው ባለ 22 ገጽ የሆነ አንድ የጥገና መመሪያ በእጃችን ከገባ በኋላ ነው።

መመሪያው ለጭነት መኪና ባለንብረቶችና ሾፌሮች ታስቦ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተመለሰ ሲሆን፣ ስለ አየር ማጣሪያ፣ ስለ ሞተር ዘይት አመራረጥና ስለ ማጽጃ ፈሳሾች ይናገራል። ቅጂውን ያገኘነው በደባርቅና በበየዳ ወረዳ ዋና ከተማ በድል ይብዛ መካከል ዕቃ ከሚያመላልስ ሾፌር ነው። የተርጓሚው ስም በሽፋኑ ላይ አልሰፈረም፤ ሰፍሮ ቢሆንም ዓላማችን ሥራውን መመርመር ስለሆነ ባልጠቀስነው ነበር።

ሾፌሩ መጽሐፉን የሰጠን በስጦታ ሳይሆን በክስ መልክ ነው። በመመሪያው 17ኛ ገጽ ላይ ሞተር አጣቢ ፈሳሽ በአሮጌው ዘይት ላይ ከተጨመረ በኋላ «ሞተሩ ለ15 ደቂቃ በሥራ ፈትነት ይቆይ፤ ከዚያም ዘይቱ ወደ ታች ይውረድ» ይላል። ሾፌሩም ዳባት ላይ ፈሳሹን ጨመረ፣ ሞተሩን አጥፍቶ 15 ደቂቃ ጠበቀ፣ ዘይቱ ወደ ታች ወረደ ብሎ በገመተ ጊዜ አስነሥቶ ጭነቱን ይዞ ጉዞውን ቀጠለ። ደባርቅን አልፎ፣ ከሳንቃ በርና ከጨነቅ በላይ ወደ ቧሂት መተላለፊያ በሚወጣው ዳገት ላይ የዘይት መብራቱ በራ፤ ጥቂት ቆይቶም ሞተሩ ነከሰ። ሲፈታ ብሮንዚኖቹ ተበልተው ተገኙ።

የእንግሊዝኛው ቃል «አይድል» ነው። በተራ ንግግር ሥራ የሌለውን፣ ቦዘኔውን ሰው ያመለክታል፤ ስለ ሞተር ሲነገር ግን ሞተሩ ተነሥቶ፣ ማርሽ ሳይገባ፣ ቤንዚን ወይም ናፍታ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር መሥራቱን ነው የሚገልጸው። የአገራችን መካኒክ ይህን «ሚኒሞ» ይለዋል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው፤ ከጎንደር እስከ ድሬዳዋ የማያውቀው ሾፌር ማግኘት ያስቸግራል። ተርጓሚው «ሚኒሞ» ባዕድ ነው ብሎ ሸሽቶት ከሆነ፣ የሸሸው ባዕድነትን ሳይሆን አንባቢውን ነው። ሁለተኛው ስሕተት «ይውረድ» የሚለው ግስ ነው። ዋናው ጽሑፍ የሚያዘው ቡሹን ፈትቶ ዘይቱን ጨርሶ ማፍሰስን ነው። አማርኛው ግን አድራጊውን ደብቆ ዘይቱን በራሱ ፈቃድ ወራጅ አድርጎታል። አንቀጹ «ሞተሩን አስነሥተህ 15 ደቂቃ በሚኒሞ አቆየው፤ ከዚያም አጥፋውና ዘይቱን በሙሉ አፍስስ፤ ይህን ሳታደርግ መኪናውን አትንዳ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ምንም ዓይነት አዲስ ስያሜ ባላስፈለገ ነበር። አጣቢው ፈሳሽ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ በዚህ የተነሣ በሸክም ሲነዳ በብሮንዚኑና በሚሽከረከረው ብረት መካከል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ይሰበራል። ሾፌሩ ነገሩን በራሱ መንገድ አጠቃሎታል፦ «እናንተ ሥራ ፈት አላችሁ፤ እኔም ሥራ አስፈታሁት።»

ወደ አየር ማጣሪያው እንለፍ። መመሪያው ማጣሪያውን በሚመለከተው ምዕራፍ ውስጥ ደጋግሞ «የማጣሪያው ንጥረ ነገር ይለወጥ» ይላል። ይህ «ኤለመንት» የሚለው ቃል በኬሚስትሪ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን አቻ ይዞ ወደ ጋራዥ መግባቱ ነው። ለኦክስጅንና ለብረት የተሰጠ ስም ለታጠፈ ወረቀት ተሰጠ ማለት ነው። አንድ ሾፌር ይህን ሲያነብ በማጣሪያው ውስጥ የሚለወጥ አንድ የማይታይ ኬሚካል አለ ብሎ ቢያስብ ሊወቀስ አይገባም። በእርግጥ የሚለወጠው ወረቀቱ ነውና «የማጣሪያው ወረቀት» ቢባል በቂ ነው። የቀድሞዎቹ ብዙ የጭነት መኪናዎች ግን ወረቀት አልነበራቸውም፤ አየሩ በጣሳ ውስጥ ባለ ዘይት ላይ እየተጋጨ አቧራውን ጥሎ ያልፍ ነበር። መመሪያው ይህን ዓይነቱን «የዘይት መታጠቢያ ማጣሪያ» ይለዋል። መታጠቢያ ሲባል ለአማርኛ ተናጋሪ የሚታጠብ ሰው ወይም ዕቃ መኖር አለበት፤ እዚህ የሚታጠብ የለም። «ዘይት ያዥ ማጣሪያ» ብንለው ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ሌላ የተሻለ ካለ እንቀበላለን።

«ማጣሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ውይይት ይሻል። አማርኛ በዚህ በኩል ድኻ አይደለም፤ እንዲያውም ሀብቱ ነው የሚያደናግረው። ዱቄት ይነፋል፣ ጠላና ጠጅ ይጠለላል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ እህል ይበጠራል፣ ሒሳብና ወንጀል ይጣራል። እያንዳንዱ ግስ ከየራሱ መሣሪያና ከየራሱ ነገር ጋር የተጣበቀ ነው። ለአየር የሚሆን ግስ ግን ከጓዳ አልተወረሰም፤ አየርን በቤቱ ያጣራ አያት የለንምና። ስለዚህ «ማጣሪያ» ሰፊ ትርጉም ያለው ቃል በመሆኑ ለአየርም፣ ለዘይትም፣ ለናፍታም እንዲያገለግል መደረጉ ትክክል ነው። በጋራዥ የሚነገረው «ፊልትሮ» ጎን ለጎን በቅንፍ ቢቀመጥ አንዱ ሌላውን ያብራራዋል።

ይሁን እንጂ መመሪያው በዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ፣ በዘይት ፓምፑ መምጠጫ አፍ ላይ ያለውን የሽቦ መረብም «ማጣሪያ» ብሎታል። በዚህ አንስማማም። ይህ መረብ ስብርባሪውን እንጂ ረቂቁን ቆሻሻ አይዝም፤ እንደ ወረቀቱ ማጣሪያም በየጊዜው አይለወጥም። ለዚህ የእናቶቻችን «ማጥለያ» ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት አንባቢውን «ማጣሪያው ታጥቦ ይመለስ» የሚለውን ትእዛዝ በወረቀቱ ላይ እንዲፈጽም ሊገፋፋው ይችላል። የወረቀት ማጣሪያ በውኃ ሲታጠብ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በዚሁ ምዕራፍ «ማጣሪያው በአየር ይጽዳ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። አቅጣጫው ተዘሏል። በግፊት የሚወጣ አየር ከውስጥ ወደ ውጭ መነፋት አለበት፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ከበረታም ወረቀቱን ይቀደዋል። ሞተርን በብዛት የሚበላው አቧራ በዓይን የሚታየው ሳይሆን ከ5 እስከ 20 ማይክሮን ያለው ብናኝ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ስለሆነ ቀዳዳውን ወደ ፀሐይ አሳይቶ «ደኅና ነው» ማለት ብዙ ዋስትና አይሰጥም። እዚህ ላይ የመመሪያው «አቧራ» ከዋናው ቃል ይጠብባል፤ «ብናኝ» ይበልጥ ይስማማ ነበር።

ይህ ጉዳይ በሰሜን ተራሮች የበለጠ ይከብዳል። ከ4,000 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 6 አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። አየር አስቀድሞ ባነሰበት ቦታ የተደፈነ ማጣሪያ ሲጨመርበት ናፍታው በደንብ አይቃጠልም፤ ጥቁር ጭስ ይወጣል፣ ጉልበት ይጠፋል። መመሪያው ጥቁሩን ጭስና ሰማያዊውን ጭስ ለይቶ፣ ሁለተኛው ዘይት መብላትን እንደሚያመለክት በግልጽ አስቀምጧል። ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። «ዘይት ይበላል» የሚለውን የሕዝብ አነጋገር ሳያፍር መጠቀሙም ከሌሎቹ ገጾች ሁሉ የተሻለ አማርኛ ነው።

የዘይቱ ምዕራፍ በሁለት ስሕተት የተቆላለፈ ነው። በቆርቆሮው ላይ 15፣ ቀጥሎ ደብልዩ፣ ቀጥሎም 40 ተጽፎ የሚታየውን ምልክት መመሪያው በአንድ ቦታ «የ15 ክብደትና የ40 ውፍረት»፣ በሌላ ቦታ «የክረምት 15» ብሎ ተርጉሞታል። ፊደሉ ክብደትን አያመለክትም፤ ክብደት ማለቱ በፈረንጆቹም ዘንድ የተለመደ ስሕተት ነው። ፊደሉ በእርግጥ የተወሰደው የእነርሱን ብርዳም ወቅት ከሚጠራው ቃል ስለሆነ «ክረምት» የሚለው ለጊዜው ትክክል ይመስላል። ግን ክረምት በእኛ ዘንድ ምንድር ነው? የዝናብና የጭቃ ወራት ነው። በደባርቅና በበየዳ ውርጭ የሚወርደው፣ ሞተር በማለዳ አልነሣ የሚለው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ማለትም በበጋ ነው። «የክረምት ዘይት» የሚለውን ያነበበ ሾፌር በሐምሌ ይገዛና በታኅሣሥ ይተወዋል፤ ትርጉሙ ቃል በቃል ታማኝ ሆኖ ሳለ ምክሩን ገልብጦታል። «የብርድ ደረጃ» ብሎ መተርጎም የሚሻለው ለዚህ ነው፤ 15 የሚለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ባሕርይ፣ 40 የሚለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ባሕርይ ይገልጻል። ባለ 15ቱ ከዜሮ በታች እስከ 20 ዲግሪ ለሚደርስ ብርድ የሚመዘን በመሆኑ ለሰሜን ውርጭ ይበቃል። የብርድ ደረጃ የሌለው፣ 40 ብቻ የተጻፈበት ዘይት ግን በማለዳ ወፍሮ ይያዛል።

ስለ ውፍረት ካነሣን፣ አንዳንድ የትምህርት መጻሕፍት የሚጠቀሙበት «ዝልግልግነት» የሚለው ቃል በመመሪያው አለመግባቱ ደስ ብሎናል። ዝልግልግ ተልባን ያስታውሳል፤ ዘይትን አይደለም። የጋራዡ «ወፍራም ዘይት፣ ቀጭን ዘይት» ሕያው አነጋገር ነው። ጉድለቱ ወፍራም ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚል ስሜት ማሳደሩ ነው፤ በአማርኛ ወፍራም ወጥ የተመሰገነ፣ ቀጭን ወጥ የታማ ስለሆነ ይሆናል። ይህን ግን ስያሜ ሳይሆን ማብራሪያ ያቃናዋል።

ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበን «ማጽጃ» የሚለው ቃል ነው። መመሪያው በዘይት ላይ ተጨምሮ ወዲያው የሚፈሰውን ፈሳሽ፣ ከናፍታ ጋር በሰልባትዮው ውስጥ የሚጨመረውንና የናፍታ መርጫ አፎችን የሚያጸዳውን፣ እንዲሁም ፋብሪካው አስቀድሞ በዘይቱ ውስጥ የቀየጠውን ሦስተኛ ነገር በአንድ ቃል «ማጽጃ» ይላቸዋል። ሦስቱ የሚገቡበት ቦታ የተለያየ ነው፣ የሚቆዩበት ጊዜም የተለያየ ነው። ባለንብረቱ ገዝቶ የሚጨምረውን «ማከያ» ብለን፣ «የዘይት ማከያ» እና «የናፍታ ማከያ» እያልን ብንለይ፣ ፋብሪካው የቀየጠውን ደግሞ መካኒኮች በቀልድ እንደሚሉት «ቅመም» ብንለው መደናገሩ ይቀራል። «ተጨማሪ» የሚለውን የማንቀበለው በገበያ ቋንቋ «ምርቃት» ወደ ማለት ስለሚያዘነብል ነው።

ከቅመሞቹ መካከል ሁለቱ በተለይ ተለይተው መታወቅ አለባቸው። አንደኛው የጋለውን ብረት ከሚለጠፍበት ቅርሻ የሚጠብቅና በናፍታው ውስጥ ካለው ድኝ የሚፈጠረውን አሲድ የሚያከሽፍ ነው፤ «አጣቢ» ቢባል ያስኬዳል። ሁለተኛው ጥላሸቱ እንዳይቋጠርና እንዳይዘቅጥ በዘይቱ ውስጥ አንሳፍፎ ይይዘዋል። መመሪያው ይህን «በታኝ» ይለዋል፤ ለእኛ ጆሮ በታኝ ማኅበርን የሚያፈርስ ሰው ነው። «አንሳፋፊ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። ልዩነቱ ጌጥ አይደለም። አንሳፋፊው ሥራውን ሲሠራ ዘይቱ በጥቂት ቀን ይጠቁራል። መመሪያው ግን «የጠቆረ ዘይት የሞተ ዘይት ነው» ብሎ ደምድሟል። በዚህ አባባል መሠረት በየሁለት ጉዞው ዘይት የሚለውጥ ባለንብረት ገንዘቡን ያፈሳል፤ በአንጻሩ ዘይቱ ስላልጠቆረለት የተደሰተ ሰው ጥላሸቱ ከማጠራቀሚያው ሥር እንደ ጠላ አተላ እየረጋ መሆኑን ላያውቅ ይችላል። የመለወጫው ጊዜ የሚታወቀው በቀለም ሳይሆን በተነዳው ኪሎ ሜትርና በሥራው ክብደት ነው፤ የበየዳው መንገድ ደግሞ በአምራቾች አነጋገር «ከባድ አገልግሎት» ከሚባለው ጎራ ነው።

ስለ ምልክቶቹ አንድ ነገር ይቀራል። ተርጓሚው በቆርቆሮው ላይ ያሉትን የፈረንጅ ፊደላትና ቁጥሮች በሙሉ በአማርኛ ድምፅ ጽፏቸዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ እንደዚሁ አድርገናል፤ ልዩነቱ ግን አንባቢያችን ዘይት ለመግዛት ሱቅ ፊት አለመቆሙ ነው። ሾፌሩ በወረቀቱ ላይ ያየውን ምልክት በቆርቆሮው ላይ ካለው ጋር ቅርጹን እያስተያየ ነው የሚገዛው። ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ምልክቱ በቆርቆሮው ላይ እንዳለ ይሳል፤ አነባበቡ ከሥሩ በአማርኛ ይጻፍ። የ17ኛው ገጽ ማረሚያ ግን እትሙን ሳይጠብቅ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ታትሞ በደባርቅ፣ በዳባትና በድል ይብዛ ለሚገኙት ሾፌሮች መታደል ይኖርበታል።