የጦርነት ሕግና የወረርሽኝ ጥናት፤ ሂሳዊ አስተያየት

በጦርነት ጊዜ ስለሚጸናው ዓለም አቀፍ ሕግና ስለ ተላላፊ በሽታዎች የሚደረጉት ምሁራዊ ጥናቶች እየበዙ መሄዳቸው የሚያስደስት ነው። ሆኖም ሁለቱ ዘርፎች ስለ አንድ መከራ እየጻፉ እርስ በርሳቸው እምብዛም አይነጋገሩም። የሕጉ ሊቅ ስለ ተደበደበው ሆስፒታል ይመረምራል፤ የሕክምናው ሊቅ የታመመውንና የሞተውን ይቈጥራል። በመካከል ያሉት የውኃ ፓምፕና የፍሳሽ ቦይ ተመልካች አጥተው ይቀራሉ። ይህ ጸሐፊ ጉድለቱን የሚያነሣው ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች መማሪያ ጽሑፎችም የሚሻገር ስለ ሆነ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የጉድለቱ ሥር ከሕጉ አመጣጥ ጋር የተያያዘ ይመስላል። በክሪምያ ጦርነት (1853-1856) ከሞቱት 21 ሺህ ያህል የእንግሊዝ ወታደሮች ውስጥ 16 ሺህ ያህሉን የገደለው በሽታ ነበር፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌልም ይህንኑ በ1858 በሥዕላዊ ሰንጠረዥ አስረድታለች። ይሁን እንጂ የ1864ቱ የጄኔቫ ስምምነት አርእስቱን የሰጠው ለቁስለኞች ብቻ ነው። በ6ኛው አንቀጹ ሕሙማንን ቢጠቅስም፣ «ሕሙማን» የሚለው ቃል በአርእስቱ ላይ የተጨመረው በ1906 ስምምነቱ ሲሻሻል ነው። ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው ለስምምነቱ መነሻ የሆነው የአንሪ ዱናን መጽሐፍ ነው። ዱናን ከ1859ኙ የሶልፌሪኖ ውጊያ በኋላ ያየውን በ1862 ሲያሳትም፣ ውኃና ምግብ ሳይጠፋ ቁስለኞች በጥምና በረኀብ ይሞቱ እንደ ነበር፣ የጐደለውም የሚያቀርብላቸው እጅ እንደ ነበር ጽፏል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ቁስሉን አጥብቀው ሲይዙ እጁን ዘነጉት።

የየመን ሁኔታ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ነው። «ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» በተባለው መጽሔት በ2018 የወጣው ጥናት ከ2016 መስከረም መጨረሻ እስከ 2018 መጋቢት አጋማሽ ድረስ 1,103,683 በኮሌራ የተጠረጠሩ ሕሙማንና 2,385 ሟቾች መመዝገባቸውን ይገልጻል፤ ዝናብ ለበሽታው መስፋፋት የነበረውንም ድርሻ በጥንቃቄ ያሰላል። በዘርፉ የተመሰገነ ሥራ ነው። ነገር ግን ጥያቄው በሽታው እንዴት ተስፋፋ የሚል ነው እንጂ የማን ግዴታ ተጣሰ የሚል አይደለም። የሕግ ጸሐፊዎችም ይህን የመሰለ አኃዝ ሲዋሱ «የተጠረጠሩ» የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ይጥሉታል። በላቦራቶሪ ያልተረጋገጠውን እንደ ተረጋገጠ አድርጎ ማቅረብ ክርክርን ከማጠናከር ይልቅ ያዳክማል።

በሌላ በኩል ጁን 11 ቀን 2018 በአብስ የድንበር የለሽ ሐኪሞች የኮሌራ ሕክምና ጣቢያ ከአየር ሲደበደብ የሕግ አዋቂዎች ወዲያው ተነሡ። መነሣታቸው ተገቢ ነበር። ሆኖም ጣቢያው ገና ሕሙማን አልተቀበለምና የሞተ ሰው አልነበረም። በአንጻሩ ከ2016 አጋማሽ ወዲህ የብዙው የየመን መንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ መቋረጡ፣ ነዳጅም መጥፋቱ፣ ውኃ የሚገፋውንና ቆሻሻ የሚጠርገውን እጅ ሲያስር ያን ያህል የሕግ ክርክር አላስነሣም። የ1977ቱ ሁለተኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል በ14ኛው አንቀጹ የመጠጥ ውኃ ተቋሞችን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ከአገልግሎት ውጭ ማድረግንም ይከለክላል። ክልከላው ግን ሕዝብን በረኀብ መቅጣትን በሚመለከተው ድንጋጌ ሥር የተቀመጠ ነው፤ በዝምታና በቸልታ ስለ ቆመ ፓምፕ ምን እንደሚል ገና በቂ ጥናት የሚሻ ጥያቄ ነው። ወረርሽኝን መከላከልን በስሙ የሚያነሣው የአራተኛው የ1949 ስምምነት 56ኛ አንቀጽ ደግሞ የሚያስገድደው ሌላውን አገር የያዘን ኃይል ነው።

ሁለቱን ወገኖች ለማቀራረብ የተሞከረ ነገር የለም ማለት አይደለም። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በ2015 ስለ ከተማ አገልግሎቶች ያወጣው ጥናት ሠራተኛውን፣ መሣሪያውንና አላቂ ዕቃውን እንደ አንድ ሰንሰለት መመልከቱ የሚደነቅ ነው። ሕጉን ቢያነሣም ክብደቱ በእርዳታ አሰጣጥ ላይ ስለ ሆነ ለመማሪያነት ማስማማት ያስፈልጋል።

እጩ መምህሩ የጄኔቫን ስምምነት በሥነ ዜጋ፣ ኮሌራን በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ሲማር ይህንኑ መለያየት ይዞ ወደ ክፍል ይገባል። ዲሴምበር 30 ቀን 1935 በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሕክምና ጣቢያ በኢጣሊያ አውሮፕላኖች መደብደቡን ስንነግረው የሕጉን መጣስ ወዲያው ያያል፤ ድንኳን አለ፣ መስቀል አለ፣ ቦምብ አለ። የቆመ ፓምፕ እንዲህ ያለ ምልክት የለውም። ስለዚህ ሁለቱ የትምህርት ክፍሎች አንድ የጋራ ምዕራፍ ቢያዘጋጁ፣ መነሻው ከተደበደበው ሆስፒታል ይልቅ ፓምፑ ቢሆን ይመረጣል፤ ተማሪው ከፓምፑ ተነሥቶ ወደ አንድ በኩል ጀርሙን፣ ወደ ሌላው በኩል አንቀጹን መከተል ይችላልና።